ቀለበቱ አለ

የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገር ከመካከላችሁ እዚያ ዘመድ ያለው አይጠፋም፤ ሄዶ ይጠይቀዋል፣ ዘመዱም ፈርቶ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይለዋል፣ እኔም በስተርጅና ቀጣፊ እባላለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከባላው ልጀምር።

በአያቴ አያት ዘመን በዚያ አገር ምድር ተንቀጠቀጠች። ቤቶች ሁሉ ዘመም ዘመም አሉ። የጊዜው ንጉሥ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለዘመመ ግድግዳ ሁሉ አንድ አንድ ባላ እንዲቆምለት፣ ባላውንም ማገዶ ፈላጊ እንዳይወስደው አንድ አንድ ጠባቂ እንዲመደብለት አዘዙ። የተመረገው ግድግዳ እስኪደርቅ ነው ያሉት። ለዚሁ ሥራ ጊዜያዊ የድጋፍ ጉባኤ የሚባል አቋቋሙ፤ ዕድሜውም ሦስት ወር።

ግድግዳው በሁለተኛው ወር ደረቀ። ንጉሡም ሞቱ። ባላው፣ ጠባቂውና ጉባኤው ግን ቀሩ።

እኔ ስወለድ መንገዱ ሁሉ በባላ ከመሞላቱ የተነሣ ሰው የሚሄደው ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው፤ ግንባሩም ያበጠ ነው። ሰላምታችን እንኳ «ባላህ ይጽና» ነበር። ገበያው መሀል አንድ ባላ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ይደግፈው የነበረው ቤት ከፈረሰ ስድሳ ዓመት ሆኖታል። ባላውን ዝናብ እንዳያበሰብሰው ዳስ ተሠራለት፤ ዳሱ ዘመም ሲል ለዳሱ ሌላ ባላ ቆመለት፤ ለዚያም ባላ ጠባቂ ተሾመ። ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። እኛ ግን ገበያ በሄድን ቁጥር ዞረነው ነበር የምናልፈው፤ የሚስቅም አልነበረም።

የጉባኤው አለቃ ሊቀ ባላ ይባላል፤ ሹመቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በእኔ ዘመን የነበሩት ሊቀ ባላ ይርሳው ናቸው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው። ጉባኤው በየሦስት ወሩ ሲሰበሰብ ይነሡና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ሰዉ አዙረው «ግድግዳው ደረቀ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አባላቱ በአንድ ድምፅ «ገና ነው» ይላሉ። የጉባኤው ዕድሜ በሦስት ወር ይራዘማል፤ ከዚያ ምሳ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን የዳሰሰ አንድ ሰው አልነበረም። ሕጋቸውም አጭር ነው፤ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል፦ «የቆመ ድጋፍ አይነሣም፤ ጠባቂ ያለው ድጋፍ አለ።»

አሁን ወደ ልብ ልምጣ። በዚያ አገር፣ ሰው ጎብጦ ስለሚሄድ ይሁን ስለሚበግን እንጃ፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ የተለመደ በሽታ ነበር። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ሐሰት አልናገርም። በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በደም ሥር ውስጥ እየገፉ ልብ ድረስ ያደርሱና፣ የጠበበው ቦታ ላይ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ይከፍታሉ። ቀለበቱ ደም ሥሩን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል፣ ደሙም ያልፋል። ታዲያ ቀለበትም ድጋፍ ነውና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቆም ጠባቂ ስላልተገኘ አዳማጭ የሚባል ሹመት ተፈጠረ። አዳማጩ በየወሩ ይሄዳል፣ ጆሮውን በሽተኛው ደረት ላይ ያደርጋል፣ ወረቀቱ ላይ «ቀለበቱ አለ» ብሎ ጽፎ ይፈርማል።

እኔ አዳማጭ ነበርኩ። አርባ ደረት ነበረኝ። ያኔ ለማንም የማንናገረውን አሁን ልንገራችሁ፦ ቀለበት ድምፅ የለውም። የሚሰማው ልብ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ልብ እየሰማሁ ቀለበት አለ ብዬ ፈረምኩ፤ ጓደኞቼም እንደዚያው።

ለትልቅ ሰው የነሐስ ቀለበት ደህና ነው። ልጅ ግን ያድጋል፤ ልቡም ደም ሥሩም አብረውት ያድጋሉ። ነሐስ አያድግም። የሸማኔው የአያ ጓንጉል ልጅ ቢሻው በአራት ዓመቱ ቀለበት ገባለት። በአምስት ዓመቱ የጨርቅ ኳስ ይራገጥ ነበር። በስምንት ዓመቱ ከንፈሩ ይጠቁር ጀመር፤ ደም ሥሩ ግራና ቀኙን ሲሰፋ ቀለበቱ መሀሉን አንቆ ይዞታል። አባቱ ጉባኤ ፊት ቀርቦ «አውጡልኝ፣ ካልሆነም በሰፊ ለውጡልኝ» አለ። «የቆመ ድጋፍ አይነሣም» ብለው በትሕትና መለሱት። ቢሻው በዘጠኝ ዓመቱ ሞተ።

በተቀበረ በሳምንቱ የወሩ ወረቀቴ መጣ። የቢሻው ስም አሁንም አለበት። ስህተት መስሎኝ ሊቀ ባላ ዘንድ ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ ልጁ እኮ ሞቷል» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ፤ ነፍሱን ይማር። ቀለበቱስ?»

«ቀለበቱማ አብሮት ተቀብሯል።»

«እንግዲያውስ አለ ማለት ነው» አሉና ማኅተማቸውን አነሡ። «የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ደግሞም መቃብሩ ለቤትህ ይቀርባል፣ ብዙ አትደክምም።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መቃብር እየሄድኩ፣ ተንበርክኬ ጆሮዬን አፈር ላይ አድርጌ፣ «ቀለበቱ አለ» እያልኩ እጽፍ ጀመር። የአያ ጓንጉል ቤት ከመቃብሩ አጥር ጥግ ነው፤ እየሸመነ በመስኮት ያየኛል። አንድም ቀን አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ነው ገመድ ገምዳ የምታድረው ይመኙሻል ልጇን ትርንጎን አዝላ ሐኪም ቤት የመጣችው። ትርንጎ አምስት ዓመቷ ነው። ሦስት እርምጃ ሄዳ ቁጢጥ ትላለች፤ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቢሆንም ሳቅ አታቆምም። ሐኪሙ ዘርጋው መረመራትና ደም ሥሯ እንደ ቢሻው መጥበቡን ለእናቷ ነገራት።

ዘርጋው ግማሽ አንጥረኛ ግማሽ ሐኪም ነበር፤ ቀለበቶቹን የሚሠራውም የሚያስገባውም እሱ ነው። የቢሻውን ቀለበት የሠራ እሱ ነበርና፣ ልጁ ከሞተ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ የማይሰማ ሆኗል። ትርንጎ በመጣች ሰሞን ቤቱ ጠራኝና መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ብርጭቆዎች አሳየኝ። በየብርጭቆው ጨው የተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ አለ፤ በውሃው ውስጥ ቀለበት።

«ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በአሥር ቀን አለቀች» አለኝ፣ ውሃ ብቻ የቀረበት ብርጭቆ እያሳየ። «ይቺኛዋ አረፋ እያወጣች አስቸገረችኝ። ይቺ ጥቁር ብረት ናት፤ ጠንካራ ናት፣ ግን ስንት ዓመት ብትጠብቃት አትነቃነቅም። አሁን ይቺን እያት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራጫ ናት፣ እንደ ክር የቀጠነች።

«ዓመት ሙሉ አጥብቃ ትይዛለች። በሁለተኛው ዓመት ቀስ እያለች ትሟሟለች። በሦስተኛው የለችም። ደም ሥር እኮ ድጋፍ የሚፈልገው ለጊዜው ነው፣ አያ፤ ቁስሉ ሲጠግግ ራሱን ይችላል። ድጋፍ ቀድሞ ከሄደ ክህደት ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ካልሄደ ደግሞ ማነቆ ነው።»

«ስትሟሟ ወዴት ትሄዳለች?»

«ሰውነት ይወስዳታል። የተረፈው በሽንት ይወጣል።»

እኔ የጉባኤው ሰው ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ የልጅቷ ነገር አልነበረም። «ታዲያ እኔ ምን ላዳምጥ ነው?» አልኩት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጉዳዩ ጉባኤ ቀረበ። ግድግዳው ደረቀ ወይ ተባለ፤ ገና ነው ተባለ፤ ዕድሜ ተራዘመ። ከዚያ ዘርጋው ቆሞ አስረዳ። ድጋፉ ሥራውን ሲጨርስ ሟሙቶ የሚሄድ መሆኑን ሲናገር አባላቱ ሳያውቁት የየወንበራቸውን መደገፊያ ጨበጡ። አንዱ ተነሥቶ፣ መንግሥት ያቆመው ድጋፍ በሽንት ከወጣ የመንግሥት ክብር የት ሊገባ ነው አለ። ሌላው፣ ጠባቂው ምን ሊጠብቅ ነው አለ። በመጨረሻ ከሁሉም የሸመገሉት አባል የሁሉን ሆድ የበላውን ነገር አወጡት። «ዛሬ ቀለበት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ከሄደ፣ ነገ ባላው ምን ይላል? ከነገ ወዲያስ እኛ?»

ሊቀ ባላ ይርሳው ወሰኑ፦ የሚሟሟው ቀለበት አርባ ዓመት ይጠና፤ እስከዚያው በነሐሱ ይሠራ።

ይመኙሻል ከኋላ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ነሐሱ ልጄ ስታድግ ያንቃታል። የአያ ጓንጉልን ልጅ ሁላችንም አይተናል።»

ሊቀ ባላ አሰቡ። እውነቴን ነው፣ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ፤ ክፉ ሰው አይደሉም ብያችኋለሁ። «እንግዲያው ጥናቱ እስኪያልቅ ልጅቷ አትደግ» አሉ።

«ልጅ እንዴት ነው የማያድገው፣ ጌታዬ?»

«እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው» አሉና ለምሳ ተነሡ።

ቀልድ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። በማግስቱ የቁመት ሹም የሚባል ተሾመ። በትር ተቆረጠ፣ የትርንጎ ቁመት በበትሩ ላይ ተቀረጸ፣ ሰኞ ሰኞም እንድትለካ ተወሰነ። ልጅ የሚያድገው ወተት ጠጥቶ ሲተኛ ነው ተብሎ ወተቷም እንቅልፏም እንዲቀነስ ምክር ተላከ። ከምልክቱ ካለፈች የምትጠየቀው እናቲቱ ናት።

«ፈቃዱ የወጣው ለነሐስ ነው» አለኝ ዘርጋው። «ያስገባሁትን ደረት ከፍቶ የሚያይ የለም። የምታዳምጠው አንተ ነህ።» እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ቤተሰብ አለኝ፣ ሹመት አለኝ፣ ፈሪም ነኝ።

በነጋታው የመቃብሩ ተራ ደረሰ። ተንበርክኬ ጆሮዬን አፈሩ ላይ ሳደርግ የሽመናው ድምፅ ቆመ። ቀና ስል አያ ጓንጉል መወርወሪያውን ይዞ በመስኮት ያየኛል። ልብሴን እንኳ ሳላራግፍ ከዚያ በቀጥታ ዘርጋው ቤት ሄድኩና «ግራጫዋን አስገባ» አልኩት።

ግራጫዋ ገባች። በመጀመሪያው ዓመት «ቀለበቱ አለ» ብዬ ስጽፍ እውነት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግማሽ እውነት ነበር። በሦስተኛው ዓመት በልጅቷ ደረት ውስጥ ከልብ በቀር ምንም አልነበረም፤ ልቡ ግን ድም ድም ሲል ጆሮዬን ይገፋው ነበር። ትርንጎ ባላ ላይ መውጣት ጀመረች። ከአንዱ ባላ ወደ ሌላው እየዘለለች፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ገበያ ትደርሳለች። በዕድሜዬ ባላ ለአንድ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ እናቷ መሬት የሚጎተት ቀሚስ ታለብሳታለች፤ እሷም ከውስጥ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ከበትሩ ጎን ትቆማለች። የቁመት ሹሙ የሚያየው በትሩን እንጂ ልጅቷን አልነበረምና አምስት ዓመት ሙሉ «አላደገችም» እያለ ጻፈ።

ክፉው ቀን የመጣው አሥር ዓመት ሲሞላት ነው። ሊቀ ባላ ይርሳው በገበያው ዳስ ሥር ሲያልፉ አንድ ነገር ቆባቸውን ነካው። ቀና ቢሉ የትርንጎ እግር ነው። ረጅም እግር ነው።

ጉባኤ ተጠራ። ዘርጋው ቆመ፤ ይመኙሻል ልጇን ከፊቷ አድርጋ ቆመች፤ እኔም የአምስት ዓመት ወረቀቴን ታቅፌ ቆምኩ። በሩ ላይ ደግሞ ሰባት እናቶች ልብ የታመሙ ሕፃናት ይዘው የነሐስ ተራ ይጠብቃሉ። ሊቀ ባላ አልተቆጡም፤ በጭራሽ ተቆጥተው አያውቁም።

«ነሐስ የገባለት ልጅ በዚህ ዕድሜው ከንፈሩ ይጠቁራል» አሉ። «ይቺ ግን ዳስ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ቀለበቱ የለም፤ ድጋፍ ጠፍቷል ማለት ነው። የጠፋ ድጋፍ በቦታው ይተካል። ነገ ጠዋት ነሐስ ይግባላት።»

«ደም ሥሯ ድኗል፣ ጌታዬ» አለ ዘርጋው። «የሚደገፍ ነገር የለም።»

«መዳኗ መልካም ነው። እኛ የምንነጋገረው ስለ ድጋፉ ነው።»

«ደህናዋን ልጄን ልትገድሉብኝ ነው?» አለች ይመኙሻል።

«ማን ይገድላታል፣ የኔ እመቤት? ትደገፋለች እንጂ» አሉ ሊቀ ባላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የአዳማጩ ቃል ብቻ ነው የቀረው። ቀለበቱ አለ ወይስ የለም?»

«የለም» ብል ነገ ጠዋት ነሐስ ይገባላታል፤ ሁለት ዓመት ብትኖር ነው። «አለ» ብዬ ዝም ብል ደግሞ ነሐሱ ተመሰገነ ማለት ነው፤ ግራጫዋ ቀለበት ተደብቃ ትቀራለች፣ በር ላይ ያሉት ሰባቱም የቢሻው ዕጣ ይደርሳቸዋል።

«ጌታዬ፣ ከመመለሴ በፊት ሕጉን ቢያነቡልኝ» አልኩ።

ደስ አላቸው፤ ሕግ ማንበብ ይወዳሉ። «የቆመ ድጋፍ አይነሣም፤ ጠባቂ ያለው ድጋፍ አለ።»

«የዚህ ቀለበት ጠባቂ እኔ ነኝ። አለሁ አይደል?»

«አለህ።»

«እንግዲያው ቀለበቱም አለ። ነሐስ አልነበረም፤ ዘርጋው የሠራው ግራጫው ነው። ሟሙቶ ሄዷል፤ ዓይን አያየውም፣ ጆሮም አይሰማውም። እኔ ጠባቂው እስካለሁ ግን በሕግ አለ። ገበያ መሀል ያለው ባላ የሚደግፈው ቤት ከፈረሰ ስንት ዘመኑ ነው? ጠባቂ ስላለው ድጋፍ ነው ብላችኋል። ቀለበቱ የለም ካላችሁ ያም ባላ የለም። ያ ባላ ከሌለ ደግሞ...» አልኩና ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየሁ።

ቶሎ የገባቸው ሽማግሌው አባል ናቸው። «ለካስ ድጋፉ ቢሄድም ጠባቂው ይቀራል!» አሉ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው። አዳራሹ በሙሉ እፎይ አለ። ሊቀ ባላ ይርሳው እዚያው ላይ ወሰኑ። የሚሟሟው ቀለበት ተፈቀደ፤ ትርንጎም ወደ ቤቷ ትሂድ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀለበት የዕድሜ ልክ አዳማጭ ይሾም፤ አዳማጩ ሲሞት ልጁ ይተካ። የቁመት ሹሙም እንዳለ ይቀጥል፤ ከእንግዲህ የሚለካው ማደጓን ነው። የአዳማጮች አለቃም እኔ ሆንኩ። ከዚያ ግድግዳው ደረቀ ወይ ተባለ፤ እኔም ከአባላቱ ጋር ቆሜ «ገና ነው» አልኩ።

ለሰባቱ ሕፃናት ግራጫዋ ገባችላቸው። ሰባቱም አሉ፤ አንዱ ጢም አብቅሎ ሰሞኑን መንገድ ላይ ገፍቶኝ አለፈ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ንዴቴ ግን አልበረደም። ያን ቀን «እስቲ ግድግዳውን ዳስሱት» ማለት ስችል፣ ዘላለም የሚቆሙበትን ማስረጃ በእጄ ሰጠኋቸው። ዘርጋው እስኪሞት ድረስ ባገኘኝ ቁጥር የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ብረቱን እንኳ ሥራህን ስትጨርስ ሂድ ብዬ አስተማርኩት። እናንተ ግን አቃታችሁኝ።»

አሁን በዚያ አገር ስድስት ሺህ አዳማጭ አለ፤ ሁሉም የሌለ ቀለበት ያዳምጣል። እኔ አለቃቸው ብሆንም ሁለት ሰዎች ለራሴ አስቀርቻለሁ። አንዷ ትርንጎ ናት። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ እንደ እናቷም ገመድ ትገምዳለች። በየወሩ ስሄድ ገመዷን አስቀምጣ ትቀመጥልኛለች፤ ዛሬም ሳቅ አይለያትም። «ዛሬስ አለ፣ አባባ?» ትለኛለች። «አለ» እላታለሁ። ሁለተኛው ቢሻው ነው። ጉልበቴ እምቢ ስላለ መቃብሩ ላይ በጎኔ ተኝቼ ነው የማዳምጠው። እዚያ ልብ አለ፣ ቀለበት የለም፤ እዚህ ቀለበት አለ፣ ልብ የለም። በሁለቱም ወረቀት ላይ የምጽፈው ያንኑ ነው።

ባለፈው ወር አያ ጓንጉል ሞተና ከልጁ አጠገብ ተቀበረ። ከቀብሩ በኋላ ወረቀቴን ይዤ ስሄድ በመስኮቱ የሚያየኝ አልነበረም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቀለበቱ አለ» ካልኩ በኋላ ከሥሩ «ልጁ ግን የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ሊቀ ባላ ይርሳው ካረፉ ቆይተዋል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ልጃቸው ነው፣ የእጅ ጽሑፉ ግን ቁርጥ የአባቱ ነው። በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «የተጠየቀው ስለ ቀለበቱ ብቻ ነው። ተስተካክሎ ይቅረብ።»